ጨቅላ ግልገል በሦስተኛው ቀን ለምን ይሞታል?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ዳር በጓሮዬ አራት እናት ፍየሎች አሉኝ። በኅዳር መጀመሪያ አንዷ መንታ ወለደች፤ የመጀመሪያ ወሊዷ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ስለነበር ግልገሎቹን እንደተወለዱ ወደ ቤት አስገብቼ እሳት ዳር አደረግኋቸው። እንገር ያስቀምጣቸዋል ስለተባልኩ አልቤ ደፋሁት፤ የላም ወተት በእኩል ውሃ አቅጥኜ፣ ስኳር ጨምሬ በጡጦ ሰጠኋቸው። ጠዋት ወደ እናታቸው ስመልሳቸው አንዷን ተቀበለች፣ ወንዱን በቀንዷ ገፋችው። በሁለተኛው ቀን ሁለቱንም አስቀመጣቸው። የሰው ቴትራሳይክሊን በጥብጬ አጠጣኋቸው። ወንዱ በሦስተኛው ቀን፣ ሴቷ በአምስተኛው ሞቱ። ጎረቤት ዓይን ነው ይላል። ሌሎች ሁለት ፍየሎች በጥር አጋማሽ ይወልዳሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ተቅማጡ መጨረሻ ላይ የታየው ምልክት ነው። በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን የመጣው ሞት መንገዱ የተጠረገው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ነው። በዚያች ሌሊት እንገሩ ተደፋ፤ ግልገሎቹ እናታቸው ሳትልሳቸውና ሳታሸታቸው ተወሰዱ፤ የተሰጣቸው ወተት በውሃ ሳስቶ ነበር፣ ስኳሩ ደግሞ ጨርሶ የማይፈጩት ነገር ነው። ሲታመሙ የተሰጣቸው መድኃኒትም አልረዳቸውም። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ጠንካራ ግልገልንም ይጥላል፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ደግሞም ሁሉም በእጅዎ የሚስተካከል ስለሆነ የጥር ወሩ ወሊድ እንደ ኅዳሩ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ከእንገሩ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ደም የተላለፈለትን በሽታ መከላከያ ይዞ ይወጣል። ፍየል ግን እንዲህ አይደለችም። የፍየል የእንግዴ ልጅ ፀረ እንግዳ አካላትን ከእናት ደም ወደ ጽንሱ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ግልገል የሚወለደው መከላከያ ሳይኖረው ነው። እናቲቱ ይህን መከላከያ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት በጡቷ ታጠራቅምና በእንገር ትሰጠዋለች። የግልገሉ አንጀት ደግሞ ይህን ሳይፈጭ እንዳለ ወደ ደም የሚያስገባው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት በደንብ ይቀበላል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ሊሞላው ሲል ይዘጋል። በማግስቱ የሚጠጣ እንገር ጥሩ ምግብ ነው፣ የአንጀቱንም ግድግዳ በመጠኑ ይጠብቃል፤ ወደ ደሙ ግን አይገባለትም። ያመለጠውን በኋላ በመርፌም ሆነ በክኒን በቀላሉ መተካት አይቻልም።

«እንገር ያስቀምጣል» የሚለው አባባል ከምን እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ግልገል ሲወለድ አንጀቱ ውስጥ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ዓይነ ምድር አለ። እንገር ይህን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ቀጥሎ ደማቅ ቢጫ፣ ለጠፍ ለጠፍ የሚል ይመጣል። ሰው ይህን ሲያይ አስቀመጠው ይላል። ተቅማጥ አይደለም፤ አንጀቱ መሥራት መጀመሩን የሚያሳይ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቢጫው ከጅራቱ ሥር ደርቆ ከተጣበቀ መውጫውን ይደፍነዋልና ለብ ባለ ውሃ በጨርቅ እያራሱ ያንሱት። በደረቁ መላጥ ቆዳውን ያቆስላል።

መጠኑን በግምት አይተዉት። አንድ ጨቅላ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው እንገር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በድምሩ ለኪሎ 200 ሚሊ ሊትር። የደጋ ፍየል ግልገል ሲወለድ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 2 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ እንደዚሁ፣ በጠቅላላው 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ግልገሉን በፌስታል ወይም በከረጢት አድርጎ በእጅ ሚዛን መመዘን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እናቱን ራሱ ከጠባ መለካት አያስፈልግዎትም፤ ሆዱን ይዳስሱት። የጠባ ግልገል ሆዱ ሞላ ያለ ነው፤ ጠብቶ ይተኛል፣ ሲነሳ ይንጠራራል። ያልጠባው ጎኑ የገባ ነው፤ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል፣ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። ዝምታው የተሻለው ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

ጡት ሥር ቆሞ አፉን ሲያንቀሳቅስ ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የፍየል ጡት ጫፍ ከወሊድ በፊት ሰም በመሰለ ነገር የተደፈነ ነው፤ ጠንካራ ግልገል ይሰብረዋል፣ ደካማው ግን ሲስብ ውሎ ባዶ ሆድ ያድራል። ስለዚህ እናቲቱ እንደወለደች እጅዎን ታጥበው ከሁለቱም ጫፎች ሁለት ሁለት ጊዜ ጨምቀው ወተቱ መውረዱን ያረጋግጡ። የሚደፋው ይኸው ብቻ ነው። ጥሩ እንገር ወፍራምና ወደ ቢጫ ያደላ ነው። ውሃ የመሰለ ከሆነ፣ ደም ወይም የረጋ ቁራጭ ካለበት፣ ወይም አንደኛው የጡት ወገን ጠጥሮ የሚያቃጥል ከሆነ የጡት በሽታ አለና ግልገሉ እንገር ከሌላ ማግኘት አለበት።

ሌላ ምንጭ ማለት በዚያው ቀን የወለደች ሌላ ፍየል፣ እሷ ከሌለች የወለደች በግ፣ እሷም ካልተገኘች ላም ናት። የላም እንገር ለግልገል ይሆናል፤ የፍየሏን ያህል የጓሮዎን ተሕዋስያን ባያውቅም ከምንም እጅግ ይሻላል። የመጀመሪያው አለባ መሆን አለበት፤ በሁለተኛው ቀን የታለበው ስሙ እንገር ቢሆንም መከላከያው ሳስቷል። በየሰፈሩ ላም ስትወልድ እንገሩን አብስሎ ለልጆች የሚያበላ ቤት ስለማይጠፋ ጎረቤትን አስቀድሞ ማነጋገር ይቻላል። ማቀዝቀዣ ካለዎት 100 ሚሊ ሊትር እያደረጉ በንጹሕ ፕላስቲክ ያስቀምጡት፤ በረዶ ከሆነ ወራት ይቆያል። ሲፈለግ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ከነዕቃው ነክረው ያሟሙት። እሳት ላይ አይጣዱት፤ እንገር ሲፈላ ይረጋል፣ መከላከያውም ይጠፋል። ቀልጦ የተረፈውን ዳግመኛ አያቀዝቅዙ። መብራት የሚጠፋበት ቤት ከሆነ በየጊዜው ይመልከቱት፤ ቀልጦ ዳግም በረዶ የሆነውን አይመኑት። ያስወረደች ፍየል እንገር ግን ለማንም አይሰጥ።

አሁን ወደ ውርጩ። ግልገሎቹን ከብርድ ለማዳን መሯሯጥዎ ልክ ነበር፤ ያጠፋቸው መውሰድዎ ነው። እርጥብ ግልገል ሙቀቱን የሚያጣው በነፋስና በእርጥበቱ ነው። ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ስብም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚሆን ስንቅ ነው፤ እንገር ካልተጨመረበት ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ የእሳት ዳር ሙቀት ብቻውን አይመልሰውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ማድረቅ፣ ማጥባት፣ ከነፋስ መከለል ነው። አፍና አፍንጫውን ከልጋግ ያጽዱ፤ ካልተነፈሰ ደረቱን በደረቅ ጨርቅ ጠንከር አድርገው ያሹት፣ አፍንጫውን በገለባ ይኮርኩሩት። ከዚያ እናቲቱ እንድትልሰው ከፊቷ ያኑሩት። ይህን ሁሉ እዚያው እናቲቱ ባለችበት ያድርጉ።

ምክንያቱ የመገፋቱ ምሥጢር እዚህ መሆኑ ነው። ፍየል ልጇን የምታውቀው በጠረን ነው፤ ጠረኑንም የምትይዘው ከወሊድ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ የሽርት ውሃውን እየላሰች ነው። በዚያ ሰዓት ለደቂቃዎች እንኳ ከላሰችው በኋላ ቢለይ መልሳ ትቀበለዋለች። ሳትልሰው ተወስዶ ከሰዓታት በኋላ፣ ደርቆና ጢስ ጢስ እየሸተተ ሲመለስላት ግን የሌላ ልጅ ነው። በተለይ የመጀመሪያ ወሊድ ላይ ያለች ፍየል እንዲህ ታደርጋለች። አንዷን መቀበሏ ራሱ ዕድል ነበር። የገፋችው ክፉ እናት ሆና አይደለምና ሁለተኛ ወሊዷን ሳያዩ አይሽጧት።

አንድ ግልገል እንደገና ቢገፋ እናቲቱንና ልጆቿን አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ በሆነ ጠባብ አጥር ለሁለት ለሦስት ቀን ብቻቸውን ያድርጓቸው። መጀመሪያ ጡቷን ይመርምሩ፤ የታመመ ጡት የሚያማት እናት ብትገፋ አይፈረድባትም። የእንግዴ ልጁ ወይም የሽርት ውሃው ገና እርጥብ ከሆነ የተገፋውን ጀርባና ጅራት ሥር ይቀቡት፤ የቆየው መንገድ፣ ትንሽ ጨው ነስንሶ እንድትልሰው ማድረግ፣ እዚህ ላይ ይረዳል። በቀን አምስት ጊዜ ያህል አንገቷን አስረው፣ ጥቂት ፉርሽካ ፊቷ አድርገው ያስጠቡት። ወተቷ በአንጀቱ አልፎ ሲወጣ ጠረኑ የእሷ ስለሚሆን ብዙዎቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይለምዳሉ። አራት ቀን ሞልቶ አሁንም በቀንድ የምትወጋው ከሆነ ግን ትግሉን ይተዉና ወደ ጡጦ ይሂዱ፤ የጎድን አጥንቱን ልትሰብረው ትችላለች።

ቀዝቅዞ የወደቀ ግልገል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጤነኛ ግልገል በፊንጢጣ ሲለካ ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ያሳያል። ቴርሞሜትር ከሌለ ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ፤ አፉ ከቀዘቀዘና ጣትዎን የማይስብ ከሆነ ሙቀቱ በጣም ወርዷል። ከ37 ዲግሪ በታች የሆነን ግልገል በግድ ወተት አያጠጡ፤ ስለማይውጥ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ቢገባለትም ሆዱ አይፈጨውም። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በግራና በቀኙ ያድርጉ፤ በላዩ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይጣሉበት፤ በየ20 ደቂቃው ይለኩት። ቀና ብሎ መሳብ ሲጀምር እንገሩን ይስጡ። ከተወለደ አምስት ሰዓት ያለፈውና ምንም ያልጠባ ግልገል ግን ደሙ ውስጥ ስኳር ስላለቀበት ሲሞቅ ተንፈራግጦ ሊሞት ይችላል፤ ለእሱ ከማሞቅ በፊት ግሉኮስ በመርፌ ያስፈልገዋል። ይህን የሚያደርገው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። በቱቦ ሆድ ውስጥ ማጠጣትም እንዲሁ፤ ከባለሙያ በዓይን አይተው ሳይማሩት አይሞክሩት። የከሰል ምድጃ በተዘጋ በረት ውስጥ ፈጽሞ አያስገቡ፤ ጢሱ ባይታይም ይገድላል፣ ጭዱም በቀላሉ ይያያዛል።

እትብቱን መርሳት የለብዎትም። እርጥብ እትብት ከመሬት በቀጥታ ወደ ደም የሚወስድ ክፍት መንገድ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ጉልበቱ አብጦ የሚያነክስ ግልገል ብዙ ጊዜ በሽታው የገባው በእትብቱ ነው። ከአራት ጣት በላይ ከረዘመ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡት፣ ከዚያ በትንሽ ብልቃጥ የአዮዲን ቲንክቸር አድርገው እትብቱን እስከ ሆዱ ድረስ ይንከሩት። በጥጥ መቀባት ሁሉንም ጎን አያዳርስም። 12 ሰዓታት ካለፉ በኋላ ይድገሙት። ቅቤ፣ አመድና እበት ግን አይቀቡ።

በጡጦ ለሚያድግ ግልገል ወተቱ ያልቀጠነ መሆን አለበት። የላም ወተት ይስማማዋል፤ በእኩል ውሃ ሲያቀጥኑት ግን ሆዱ ይሞላል እንጂ የሚያገኘው ጉልበት ግማሽ ነው፣ ያውም በውርጭ ወር። ስኳሩ ደግሞ ከውሃው የባሰ ጥፋት ነበር። ግልገል በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጭበት ነገር በአንጀቱ አለው፤ የሱቁን ስኳር ግን መፍጨት አይችልም። ያልተፈጨው ስኳር አንጀት ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ለባክቴሪያም ምግብ ይሆናል፤ ይኸው ራሱ ተቅማጥ ያመጣል። አጥሚትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲሁ ነው፤ የእህል ዱቄትን ገና አይፈጭም። የዱቄት ወተት ከሆነ ሙሉ ቅባት ያለውን፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠው ይስጡ።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን የክብደቱን አንድ አምስተኛ፣ ማለት ለ2 ኪሎ ግልገል 400 ሚሊ ሊትር፣ በአራት ጊዜ ከፍለው ይስጡ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት በቀን ወደ 600 ሚሊ ሊትር በሦስት ጊዜ፤ ከዚያ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ወደ 700 ሚሊ ሊትር በሁለት ጊዜ። ደምሩት ቢሉ በሁለት ወር 35 ሊትር ገደማ ነው። ይህን በሰፈርዎ የወተት ዋጋ አባዝተው ከአንድ ቄብ ወይም ወጠጤ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። የላም ወተት እየገዙ ማሳደግ ሁልጊዜ አያዋጣም፤ አንድ ብቻ ለወለደች ጎረቤት ፍየል ማስጠጋት ወይም ጥሩ ወተት ላለው ሰው ግልገሉን መስጠት አንዳንዴ የተሻለ ውሳኔ ነው።

አሰጣጡም መጠኑን ያህል ቁም ነገር ነው። ግልገሉ በአራት እግሩ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ የእናቱን ጡት እንደሚጠባ ሆኖ መሳብ አለበት። በዚህ አኳኋን ሲጠባ ወተቱ ትልቁን ጨጓራ ዘሎ በቀጥታ ወደ አራተኛው የሆድ ክፍል ይወርዳል፤ ወተት የሚፈጨው እዚያ ነው። በማንኪያ ወይም በብርጭቆ ሲጋቱት ግን ወተቱ ገና ወዳልሠራው ጨጓራ ይገባና ይኮመጥጣል፤ ሆዱ ይነፋል። እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኝተው የሚያጠጡት ደግሞ ሳንባው ውስጥ እየጨመሩበት ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ በአፉ ሲተነፍስና ሲያስል ያዩታል። የጡጦውን ቀዳዳ አያስፉ። ገልብጠው ሲይዙት ጠብ ጠብ ማለት አለበት፤ ከወረደ ሰፍቷል። ወተቱ የሰውነት ሙቀት ይኑረው፣ ክንድዎ ላይ ሲጠብ ለብ የሚል። ጡጦውን በየጊዜው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ የደረቀ ወተት ያለበት ጡጦ ተቅማጥን በእጅ እንደ መስጠት ነው።

ተቅማጥ ቢመጣስ? ዕድሜው ምክንያቱን ይጠቁማል። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ውስጥ የሚመጣው፣ የእርስዎን ጨምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንገር ያላገኘ ግልገል ላይ የተነሳ ባክቴሪያ ነው። ከአምስተኛ ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ቫይረስና በዓይን የማይታዩ ጥገኛ ተሕዋስያን ይበዛሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚመጣው፣ ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ፣ የሚያስምጥ ተቅማጥ ኮክሲዲያ ከሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ለእሱ ሰልፋ ወይም አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት አለ፣ መጠኑን ግን ክብደቱን አይቶ ባለሙያ ይወስናል። የትላትል ተቅማጥ የሚመጣው ግጦሽ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ለአምስት ቀን ግልገል የትላትል መድኃኒት መስጠት ከንቱ ነው።

ምክንያቱ የትኛውም ይሁን ግልገልን ቶሎ የሚገድለው ውሃና ጨው ማጣት ነው። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጠው ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ደርቋል። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለት ኦ.አር.ኤስ.፣ ማሸጊያው እንደሚያዘው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጥብጡ። ለ2 ኪሎ ግልገል በአንድ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ለብ አድርገው በጡጦ ይስጡ። ከወተቱ ጋር አይቀላቅሉት፤ በሁለት የወተት ሰዓቶች መካከል ይስጡት። ወተቱን ጨርሶ መከልከልም ስህተት ነው። ያስቀመጠው ግልገል በረሃብ እንዳይሞት መጠኑን ቀንሰው፣ ቶሎ ቶሎ ይስጡ። ቴትራሳይክሊኑን በተመለከተ፣ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ስለሚይዘው ከወተት ጋር ሲሰጥ ብዙው ሳይሠራ ያልፋል፤ በቫይረስና በኮክሲዲያ ላይ ምንም አያደርግም፤ በግምት የሚሰጥ መጠን ደግሞ ነገ የማይበገር ጀርም ያፈራል። መቆም ያቃተው፣ መሳብ የተወ፣ ደም የሚወጣው ወይም ትኩሳቱ ከ40.5 ያለፈ ግልገል ካለዎት ያንኑ ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት።

ስለ በረቱ፦ ወለሉ ላይ ተንበርክከው አፍንጫዎን ግልገሉ በሚተኛበት ከፍታ ያድርጉት። ሽንቱ ዓይንዎን ከቆጠቆጠ የእሱን ሳንባ እየበላው ነው፤ ከዚህ በላይ መለኪያ አያስፈልግም። የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ ከፍ አድርገው ያንጥፉ፣ የረጠበውን በየቀኑ ያንሱ። ነፋሱ ከግልገሉ ራስ በላይ እንዲያልፍ ታችኛውን ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ይምረጉ፣ ከጣሪያው ሥር ግን ክፍት ይተዉ። ብርድ ፈርቶ በረትን ከላይ እስከ ታች መድፈን በደጋው የተለመደ ስህተት ነው፤ የሳንባ ምች የሚወልደው ከብርዱ ይልቅ የታፈነው እርጥበት ነው።

ከአንድ ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ቅጠል ይቅረብለት። ሳስፓኒያ ወይም ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ካለዎት ቅርንጫፉን አስረው ከራሱ ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ፍየል ተንጠራርታ መብላት ትወዳለች፤ የተሰቀለ መኖ ደግሞ በዓይነ ምድር ስለማይበከል ኮክሲዲያን ይቀንሳል። በሁለተኛው ሳምንት እፍኝ ፉርሽካ በጥቂት የኑግ ፋጉሎ ይጨምሩ። ጨጓራውን የሚያሳድገው ይህ ደረቅ መኖ ነው። ጡጦውን በስምንት ሳምንት ማቆም የሚቻለው በቀን ቢያንስ 100 ግራም የሚበላና ከተወለደበት ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያለፈ ከሆነ ነው፤ እናቱን የሚጠባው እስከ ሦስት ወር ይቆይ። መንታ ያላትን እናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለቤት አይለቡ። ወንዶቹን በአራት ወር ከሴቶቹ ይለዩ። ደስታ መሰል ለሚባለው የፍየልና የበግ ተላላፊ በሽታ በቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት አለ፤ ከሦስት ወር ዕድሜ በኋላ መቼ እንደሚሰጥ የወረዳዎን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ።

ለጥር ወሩ ወሊድ የምመክርዎ ግልጽ ነው፤ ዛሬውኑ ከእናቶቹ ይጀምሩ። የጽንሱ ክብደት አብዛኛው የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ 50 ቀናት ነው፤ እንገሩም የሚዘጋጀው ያኔ ነው። ለእያንዳንዷ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም፣ ሁለት እጅ ፉርሽካ አንድ እጅ ፋጉሎ፣ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምረው ይስጡ፤ አሞሌ ጨውና ውሃ አይለያቸው። ጭድ ብቻ እየበላች የምትወልድ ፍየል ትንሽ ግልገልና ትንሽ እንገር ይዛ ትመጣለች፣ ያኔ ጥንቃቄዎ ሁሉ ግማሽ ዋጋ ብቻ ይኖረዋል። ከታኅሣሥ መጨረሻ በፊት አዮዲን፣ ቴርሞሜትር፣ ሁለት ጡጦ፣ መለኪያ የሚሆን ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ሦስት የኦ.አር.ኤስ. ፓኬትና ደረቅ ጨርቅ በአንድ ካርቶን ያዘጋጁ። ከጎረቤት ላም እንገር ማግኘት ከቻሉም 400 ሚሊ ሊትር ያስቀምጡ።

በወሊዱ ሌሊት ከአጠገቧ ይሁኑ። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ግማሽ ሰዓት አምጣ ሁለት የፊት እግርና አፍንጫ ካልታየ ባለሙያ ይጥሩ። የእንግዴ ልጁን አይጎትቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሰዓታት ውስጥ በራሱ ይወጣል። ካስወረደች ግን የወረደውን በባዶ እጅ አይንኩት፣ ነፍሰ ጡር ሴት አያስጠጉ፤ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላልና ይቅበሩት፣ ወተቷንም ሳይፈላ አይጠጡ።

ይህን ሁሉ አድርገውም የማይተርፍ ግልገል ይኖራል። ከአንድ ኪሎ ብዙም ያልበለጠ፣ ወይም ከሦስት አንዱ ሆኖ የተወለደና ከመጀመሪያው መሳብ ያቃተው ግልገል የባለሙያ እጅም ላያድነው ይችላል። አንዷ ሦስት ከወለደች ሁለቱን ብቻ እናቱ ሥር ይተዉ፤ ለጡጦ የሚወስዱት በጣም ደካማውን ሳይሆን መካከለኛውን ወይም ጠንካራውን ይሁን፤ እሱ ጡጦ ቶሎ ይለምዳል። ሦስቱም ግን መጀመሪያ የእናታቸውን እንገር ጠጥተው።